ለሙዚየም ስብስብ እንክብካቤ የሥዕል ጨረታ ማዘጋጀት፦ ከመጋዘኑ ዝርዝር እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

ሙዚየም ገንዘብ ሲያጥረው በቅድሚያ የሚሰረዘው ጎብኚ የማያየው ወጪ ነው። የበሩ መብራት ይታያል፣ የግድግዳው ቀለም ይታያል፤ መጋዘን ውስጥ ያለ የብራና መጽሐፍ በምን ዓይነት ሣጥን እንደተቀመጠ ግን ማንም ገብቶ አይጠይቅም። የሥዕል ጨረታ ለዚህ ለተረሳ ወጪ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጥሩ መንገድ ነው። ሰዓሊው ሥራው ይታይለታል፣ ገዥው ቤቱን ያስጌጣል፣ ሙዚየሙም ለዓመታት ሲያራዝመው የኖረውን ሥራ ይጀምራል። ችግሩ ብዙ አዘጋጆች አዳራሽ በመያዝ መጀመራቸው ነው። ምሽቱ ይደምቃል፣ የአዳራሹና የምግቡ ሒሳብ ይከፈላል፣ ለቅርሱ የቀረውን ስትጠይቁ ግን ኮሚቴው አንገቱን ይደፋል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አዲስ አበባ ውስጥ ላለ መካከለኛ ሙዚየም የተሰናዳ ነው። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አስቡ፦ ብራና፣ በእንጨት ላይ የተሣሉ ቅዱሳት ሥዕላት፣ የብረትና የነሐስ መስቀሎች፣ ከበሮና በገና፣ አልባሳት፣ ሁሉም በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ። እንዲህ ያለ ስብስብ ላለው ቤት ስድስት ወር የዝግጅት ጊዜ ያስፈልጋል። በሦስት ወር እናደርሰዋለን የሚል ካለ የሚሰረዘው አንደኛው ደረጃ እንደሚሆን እወቁ፤ እሱ ደግሞ ፈጽሞ መሰረዝ የሌለበት ነው።

አንደኛ፦ ከመጋዘኑ ጀምሩ

የመጋዘኑን ቁልፍ ከያዘው ሠራተኛ ጋር መደርደሪያ በመደርደሪያ ዙሩ። ኃላፊውን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፤ ጣሪያው በየትኛው ክረምት የት ላይ እንዳፈሰሰ የሚያውቀው ቁልፍ ያዡ ነው። ያያችሁትን በሦስት ክፈሉ፦ አሁን እየተጎዳ ያለ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ካልተደረሰለት የሚጎዳ፣ መቆየት የሚችል። ይህ ዝርዝር የጨረታው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ምን ምን ላይ ማተኮር እንዳለባችሁ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ብርሃን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው። የአሮጌ ሕንፃ ሰፋፊ መስኮቶች ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለቀለም ግን ጠላት ናቸው። ለእንዲህ ያሉ ቅርሶች በሙዚየሞች የተለመደው ጣሪያ 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ አሃድ) ነው። የብርሃን መለኪያ ይዛችሁ ጠዋትም ከሰዓትም ለኩ። የደበዘዘ ቀለም በምንም ጥገና አይመለስም፤ ስለዚህ የመስኮት መከላከያ ፕላስቲክና ወፍራም መጋረጃ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይግቡ። ርካሽም ናቸው።

እርጥበት። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲጨምር ያብጣል፣ ሲቀንስ ይኮማተራል። የሚያደክመው ይህ መመላለስ ነው፤ ቀለሙ ሲሰነጠቅና ሲረግፍ የምታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። እንጨት ላይ የተሣለ ሥዕልም እንደዚሁ። አንጻራዊ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። የሐምሌና የነሐሴ አዲስ አበባ ከጥርና ከየካቲት አዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚለይ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ልዩነት በቁጥር የያዘ ቤት ግን ብዙ የለም። ስለዚህ ሙቀትንና እርጥበትን ሌት ተቀን የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች የመጀመሪያው ግዢ ይሁኑ። የአንድ ዓመት መዝገብ ሳይኖር ትልቅ የእርጥበት ማስወገጃ ማሽን መግዛት በግምት መድኃኒት መውሰድ ነው።

ነፍሳት። ብል የሱፍ ካባ ይበላል፣ ጥንዚዛ የከበሮ ቆዳና የበገና እንጨት ይበሳል፣ ምስጥ መደርደሪያውን ከሥር ይጀምራል። የሚያጣብቁ ወጥመዶችን በየጥጉ አስቀምጡና በየወሩ የተያዘውን ቁጠሩ። የተጠቃ ጨርቅ ወይም ላባ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ ነፍሳቱ ከነእንቁላላቸው ይሞታሉ። መርዝ መርጨት ለሠራተኛውም ለቅርሱም አይበጅም። ቀለም የተቀባ እንጨት ግን ባለሙያ ሳያየው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ማከማቻ። ከአሲድ ነጻ የሆነ ሣጥንና ስስ ወረቀት፣ ከወለል ከፍ ያለ የብረት መደርደሪያ፣ የተመዘገበ ቦታ። የባህል ንብረት ጥበቃና እድሳት ጥናት ዓለም አቀፍ ማዕከል የሆነው ኢክሮም ለትንንሽ ሙዚየሞች ያዘጋጀው ሪ-ኦርግ የሚባል የመጋዘን ማደራጃ ዘዴ አለ፤ ከገንዘብ ይልቅ ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በነጻ ልታደራጁት የምትችሉትን ከጨረታው በፊት አደራጁ። ለጋሽ መጋዘኑን ሊያይ ቢመጣ የተዝረከረከ ክፍል ማሳየት ልመና ይመስላል፤ ተደራጅቶ ሣጥን ብቻ የጎደለው ክፍል ግን እጁን ወደ ኪሱ ይልከዋል።

ይህን ከጨረሳችሁ እያንዳንዱን ፍላጎት ዋጋ ስጡት። ብዙዎቹ ዕቃዎች ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የስድስት ወር የዋጋ ማቅረቢያ አያስተማምንም፤ ከጨረታው አንድ ወር በፊት አሳድሱት፣ 15 በመቶ መጠባበቂያም ጨምሩበት። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ትንንሽ ካርዶች ለውጡት፦ አንድ የብራና መጽሐፍ ሣጥን፣ የአንድ ክፍል የመስኮት መከላከያ፣ አንድ የእርጥበት መመዝገቢያ፣ የአንድ ዓመት የነፍሳት ወጥመድ። «ቅርሳችንን እንታደግ» የሚል ጥሪ ሰውን ያስጨበጭባል። ገንዘብ የሚያወጣው ግን «ይህ ዳዊት እስካሁን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው ያለው፤ ሣጥኑ ይህን ያህል ብር ነው» የሚል ካርድ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሙዚየሙ ስብስብ አንዲት ዕቃ አይሸጥም

ይህን በጽሑፍ ወስኑ፤ በግብዣ ወረቀቱም የመጀመሪያ መስመር ላይ አስፍሩት። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ «ሙዚየም»፣ «ቅርስ» እና «ጨረታ» አብረው ሲመጡ ደስ አይሉም፤ ምክንያቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች እንግሊዝ ውስጥ፣ ዶርሴት በሚገኝ አጫራች ቤት ለሽያጭ ቀርበው ነበር፤ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከጨረታው እንዲወጡ ተደርጎ በኋላ ሸህራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለአገሪቱ አስመልሷቸዋል። ያንን ዜና የተከታተለ ሰው የእናንተን ማስታወቂያ በጥርጣሬ ቢያነብ አትፍረዱበት።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ገና ያከራክራል። የዓለም አቀፉ ሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ከስብስብ ሽያጭ የሚገኝ ገንዘብ ለስብስቡ ጥቅም ብቻ እንዲውል ያዛል። ማሳቹሴትስ ያለው በርክሻየር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርማን ሮክዌልን ሥዕል ጨምሮ የራሱን ሥራዎች ሸጦ ለሕንፃ እድሳትና ለቋሚ ፈንድ ማዋል በመፈለጉ ከሙያ ማኅበራት ብርቱ ቅጣትና ወቀሳ ደርሶበታል። የብሩክሊን ሙዚየም ደግሞ በ2020 የሉካስ ክራናክን «ሉክሬሺያ» ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጦ ገንዘቡን ለስብስብ እንክብካቤ ሲያውል፣ የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር በወረርሽኙ ምክንያት ስለ ሽያጭ ገንዘብ ያለውን የራሱን ደንብ ለጊዜው አላልቶ ስለነበር አልተቀጣም። ማኅበሩ በ2022 ለቀጥተኛ እንክብካቤ መዋልን በቋሚነት ፈቅዷል። ሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ላሉት የኒውዮርክ ቤት ይህ የሚያወዛግብ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ምርጫም መሆን የለበትም፤ ስብስባችን የሕዝብ ቅርስ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው።

ስለዚህ ለጨረታ የሚቀርበው በሕይወት ያሉ ሰዓሊዎች የሰጡት አዲስ ሥራ ብቻ ይሁን። አንድ በጎ ሰው የአያቱን አሮጌ መስቀል ወይም የብራና ገድል «ይህንንም አጫርቱልኝ» ብሎ ሊያመጣ ይችላል። አመስግኑት፣ አትቀበሉት፤ ለሙዚየሙ መስጠት ከፈለገ በሌላ ቀን በሌላ ጠረጴዛ ይነጋገሩ። የሟች ታላላቅ ሰዓሊዎች፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ወይም የስክንድር ቦጎስያን ነው የተባለ ሥራ ሲመጣም እንዲሁ ተጠንቀቁ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው አንድ አጠራጣሪ ሸራ የምሽቱን ስም ሁሉ ያጠፋል።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡ የሚያርፍበትን ቤት ለዩ

የመንግሥት ተቋም ሥር ያለ ሙዚየም ከሆነ ገቢው በተቋሙ ሒሳብ ገብቶ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ጥያቄ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ግዢውም በመንግሥት የግዢ ሥርዓት ያልፋል። ለዚህ ነው የወዳጆች ማኅበር የሚጠቅመው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የወዳጆች ማኅበር ያለው ቤት ነው፤ ማኅበሩም ለሙዚየሙ ቅርስ እየገዛ ሲያግዝ ኖሯል። ማኅበር ካላችሁ ከሙዚየሙ ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ፦ ገንዘቡ ለየትኛው ዝርዝር እንደሚውል፣ ማን ፈርሞ እንደሚያወጣ፣ በስንት ወር ውስጥ እንደሚሠራበት። ለጨረታው ብቻ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ሁለት ፈራሚ ይኑረው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በሽያጩ ላይ ይከፈል እንደሆነና የሰዓሊው ድርሻ በምን ሥርዓት እንደሚስተናገድ ከሒሳብ ባለሙያ በጽሑፍ መልስ ውሰዱ። ይህ የሚጠየቀው ካታሎጉ ከመታተሙ በፊት ነው።

አራተኛ፦ ሰዓሊዎችን ስትጠይቁ

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጅ ያጠፋል። ሰዓሊ በየወሩ «ለበጎ ሥራ አንድ ሥዕል ስጡን» ይባላል፤ ለሕፃናት፣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት። ቀለሙም ሸራውም ከውጭ በውድ ይመጣል። በነጻ ከጠየቃችሁት የማይፈልገውን፣ ከስቱዲዮው ጥግ የከረመውን ይሰጣችኋል፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆንም ያንኑ አደርጋለሁ። የሽያጩን ግማሽ ለሰዓሊው መስጠት ከሁሉም የተሻለ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ጋለሪዎችም በተለምዶ ከሽያጭ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ሰዓሊው አይጎዳም፣ እናንተም ደኅና ሥራ ታገኛላችሁ።

ስሌቱን ተመልከቱ። 30 ሥራ በአማካይ በ80,000 ብር ቢሸጥ ጠቅላላው 2,400,000 ብር ነው። የሰዓሊዎቹ ድርሻ 1,200,000፣ የዝግጅቱ ወጪ 400,000 ቢሆን ለመጋዘኑ 800,000 ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ብር ሲሶው ማለት ነው። ይህን ሲሶ ሳትሸፋፍኑ በካታሎጉ ጻፉት። «ገቢው ሙሉ በሙሉ ለቅርስ» ብሎ ጽፎ በኋላ ከማብራራት ይህ ይሻላል። ወጪውን ለመቀነስ አዳራሹን፣ ኅትመቱንና መጠጡን በስፖንሰር ሸፍኑ፤ በጥሬ ገንዘብ እንቢ ያለ ድርጅት በዓይነት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን ሰዓሊዎች አስቀድማችሁ አማክሩ፤ አንድ የተከበረ ስም ከገባ ሌላው ይከተላል። ከእያንዳንዱ ሰዓሊ አንድ ሥራ ብቻ ተቀበሉ፣ ከ30 እስከ 35 ሥራ ላይ ቁሙ። በውሉ ላይ የሥራው ርእስ፣ መጠን፣ የተሠራበት ቁስ፣ ዓመት፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባለው የወለል ዋጋ፣ የሰዓሊው ድርሻ፣ ድርሻው የሚከፈልበት ቀን፣ በእናንተ እጅ ሳለ ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ፣ ካልተሸጠ መቼ እንደሚመለስ ይስፈር። የሥራው ባለቤትነት ወደ ገዥው ቢያልፍም የማባዛት መብቱ የሰዓሊው እንደሆነም አንድ መስመር ጨምሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ካላንደር አድርጎ የሚያትም ገዥ አይጠፋም።

ከሥዕል ሌላ አንድ ሁለት ልምድ ብታጫርቱ እመክራለሁ፦ ለስድስት ሰው ከባለሙያ ጋር የመጋዘን ጉብኝት፣ ወይም ከብራና ሠሪ ጋር አንድ ቅዳሜ። ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ ገዥውንም ስለ እንክብካቤው ያስተምሩታል።

አምስተኛ፦ ዋጋ

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ቁጥር ይኑራችሁ፦ ግምቱ፣ መነሻው፣ ወለሉ። ግምቱ ሰዓሊው በጋለሪ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። መነሻው የግምቱ ግማሽ አካባቢ ቢሆን እጅ ቶሎ ይነሣል። ወለሉን የሚያውቁት ሰዓሊውና አጫራቹ ብቻ ናቸው። ወለል የሌለው ጨረታ ሰዓሊውን ይጎዳል፤ በ100,000 ብር የሚሸጥ ሰው ሥራው በአደባባይ በ30,000 ከተሸጠ ነገ ሌላው ገዥ ያንን ዋጋ ይዞ ይመጣበታል።

የጭማሪው እርከን አስቀድሞ ይታወቅ። ከ20,000 እስከ 50,000 ብር በ2,000፣ ከዚያ እስከ 100,000 በ5,000፣ ከዚያ በላይ በ10,000 ቢሆን ፍጥነቱን ይጠብቃል። በ500 ብር መጨመር ከፈቀዳችሁ እኩለ ሌሊት ድረስ ትቀመጣላችሁ።

ስድስተኛ፦ ቀንና ቦታ

ዐቢይ ጾምን፣ የረመዳንን ወር፣ ክረምቱን አውጡ። በታኅሣሥ መጨረሻ የውጭ አገር ሰዎች ለበዓል ይሄዳሉ፤ ጾመ ነቢያትም አለ። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚካሄድበት የየካቲት ሳምንት ደግሞ ሆቴሉም መንገዱም አይገኝም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ነው፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ሰው ከዕረፍት ተመልሷል፣ የዓመቱ ወጪ ገና ኪስ አላራቆተም። ሁለተኛው ምርጫ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በር ተከፍቶ 11 ሰዓት ላይ ቢጀመር ዋሽንግተን ያለው ተጫራች በኅዳር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቡናውን ይዞ በስልክ መግባት ይችላል።

ቦታው ሙዚየሙ ቢሆን ያምራል፤ ግን ልብ በሉ። ለቅርስ እንክብካቤ በተጠራ ምሽት ቅርስ መጉዳት ያሳፍራል። የማሳያ ክፍሎች ውስጥ ምግብም ቀይ ወይንም አይግባ። የቡና ሥነ ሥርዓቱ ከነዕጣኑ በረንዳ ላይ ወይም ድንኳን ውስጥ ይሁን፤ ጭሱ ሥዕል ላይ ያርፋል። ቄጠማ መጎዝጎዝ የምንወደው ነገር ነው፤ ነገር ግን ትኩስ ሣርና አበባ ነፍሳትን ይዘው ይገባሉ፣ ስለዚህ ደጅ ላይ ይቅሩ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሦስት ሰዓት ሲተነፍስ እርጥበቱ ምን ያህል እንደሚወጣ የገዛችሁት መሣሪያ ይነግራችኋል። ግቢው ሰፊ ከሆነ ድንኳን ይሻላል፤ ካልሆነ ሆቴል። የመብራት ማመንጫ በሁለቱም ቦታ ግዴታ ነው፣ አንድ ቀን አስቀድማችሁ አስነሥታችሁ ፈትሹት።

ሰባተኛ፦ ሥራዎቹ ሲገቡ

ሥዕሎቹ ከሙዚየሙ መጋዘን ጋር አይቀላቀሉ። የአንዱ ፍሬም ውስጥ ያለ ጥንዚዛ ወደ ስብስቡ እንዳይሻገር በተለየ ክፍል ይቆዩ። ሥራው በገባበት ቅጽበት ከፊትም ከኋላም ፎቶ ተነሥቶ ያለበት ሁኔታ በቅጽ ተሞልቶ አምጪውም ተቀባዩም ይፈርሙ፤ ጭረት ካለ የት እንዳለ ይጻፍ። ካታሎጉ ከምሽቱ ሦስት ሳምንት በፊት ይውጣ፣ በወረቀት ጥቂት በስልክ የሚነበበው ብዙ። ከሥዕሎቹ መካከል በየአምስት ገጹ አንድ የእንክብካቤ ካርድ ከነፎቶው አስገቡ። ለአንድ ሳምንት ነጻ ዕይታ ክፈቱ፤ ሰው ያላየውን ሥዕል በድፍረት አይጫረትበትም።

ስምንተኛ፦ ምሽቱ

ተጫራቹ በር ላይ ስሙን፣ ስልኩንና አድራሻውን አስመዝግቦ የጨረታውን ደንብ ይፈርምና የቁጥር ሰሌዳ ይቀበላል። በአካል የማይመጣ ሰው የመጨረሻ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ መተው ይችላል፤ በስልክ ለሚጫረት አንድ ሰው መድቡለት። ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል የስልክ ተጫራቾችም የመጨረሻ ዋጋቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡ።

አጫራቹን በዝናው ብቻ አትምረጡ። ቀልደኛ መድረክ መሪ ሕዝቡን ያስቃል፤ ጨረታ ግን ቁጥር በፍጥነት መቁጠር፣ እጅ ማየትና ዝም ማለትን ይጠይቃል። ሥዕሎቹን አንድ ቀን አብሯችሁ ያጥና፣ የሰዓሊዎቹን ስም በትክክል ይጥራ። ለአንድ ሥራ ሁለት ደቂቃ ብትመድቡ 30ው በአንድ ሰዓት ያልቃል። መጀመሪያ ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ሁሉም የሚወደው ሥራ ይቅረብ። ውዱን ከስምንተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ባለው ቦታ አስገቡ፤ ለመጨረሻ ካቆያችሁት ገዥው ሄዶ ይሆናል። ትንንሽ ሥራዎችንና ኅትመቶችን ተጫራቹ ዋጋውን የሚጽፍበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በጽሑፍ ጨረታ ሽጧቸው፤ ወረቀቱ ዋናው ጨረታ ከመጀመሩ በፊት ይነሣ።

ከአሥራ አምስተኛው ሥዕል በኋላ፣ አዳራሹ በሞቀበት ሰዓት፣ ጨረታውን አቁማችሁ የእንክብካቤ ካርዶቹን አውጡ። እዚህ የሚሸጥ ሥዕል የለም፤ ሰሌዳውን ያነሣ ሁሉ የጠራውን ይሰጣል። ከትልቁ ጀምራችሁ ውረዱ፦ የ100,000 ብሩን መደርደሪያ የሚችል ማን ነው? የ50,000ውን? የ20,000ውን? በመጨረሻም የ5,000ውን ሣጥን። ከዚህ ላይ ለሰዓሊም ለወጪም የሚቀነስ የለም፣ ይህንኑ ተናገሩ። መናገር ያለበት ደግሞ የመጋዘኑ ባለሙያ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ፤ ባዶ ሣጥንና መመዝገቢያ መሣሪያውን በእጁ ይዞ። ቅርሱን ራሱን ግን ወደ አዳራሽ አታምጡ። የክብር እንግዶች ንግግር በጠቅላላው ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ይህ ከባዱ ትግል እንደሚሆን አውቃለሁ።

አንድ የአገራችን ልማድ ልጥቀስ። በቤተ ክርስቲያን የስእለት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ያሸነፈው ሰው «መልሼ ሰጥቻለሁ፣ ድጋሚ ይሸጥ» ሲል እልልታ ይከተላል። ለጃንጥላና ለበግ ያምራል። ሥዕል ግን መልሶ ሲሸጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ ስለሚወርድ ሰዓሊው ፊት ለፊት ይዋረዳል። ደንባችሁ ላይ እንደማይቻል ጻፉ፤ ለጋስነቱ የበዛበት ሰው ካርዶቹ ይጠብቁታል። ከዚሁ ጋር የኮሚቴ አባላትና ዘመዶቻቸው ዋጋ ለማናር ብቻ እንዳይጫረቱ በግልጽ ከልክሉ። በበጎ ሐሳብ ቢደረግም ማጭበርበር ነው።

ዘጠነኛ፦ ክፍያና ርክክብ

ገንዘቡ እዚያው ምሽት መሰብሰብ አለበት። ሁለት የክፍያ ጠረጴዛ፣ የባንክ ማስተላለፊያ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ፣ ቴሌብርም ይኑር፤ የሞባይል ክፍያ ዕለታዊ ገደብ ስላለው ለትልልቁ ሥራ የባንክ ዝውውር ወይም ሲፒኦ አዘጋጁ። ያልተከፈለበት ሥዕል ከግድግዳው አይወርድም፣ ገዥው ማንም ይሁን ማን። በምሽቱ መክፈል ላልቻለ አምስት የሥራ ቀን ስጡ፤ ካለፈ ለሁለተኛው ተጫራች በራሱ ዋጋ ይቅረብለት። ለዚህም የሁለተኛውን ቁጥርና ዋጋ የሚመዘግብ ሰው አጫራቹ አጠገብ ይቀመጥ።

ሥራውን ከአገር ይዞ ሊወጣ ለሚፈልግ ገዥ ከርክክቡ ጋር የሰዓሊውን የምስክር ወረቀትና ደረሰኙን ስጡት፤ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ማረጋገጫ እንዲያወጣም በካታሎጉ ላይ አሳስቡ። አዲስ ሥዕል መሆኑ ለእናንተ ግልጽ ነው፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ግን በወረቀት መታየት አለበት።

የሰዓሊዎቹን ድርሻ በውሉ ቀን ክፈሉ። ከተቻለ ከዚያም በፊት። በሁለተኛው ዓመት ስልካችሁን የሚያነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

አሥረኛ፦ ማውጣትና መታየት

ገንዘቡን በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ብቻ አውጡት። ግቢ ማስዋብ፣ መኪና መጠገን፣ የበዓል ቲሸርት፣ የቢሮ ወንበር የስብስብ እንክብካቤ አይደሉም፤ አንድ አለቃ አዎ ናቸው ማለቱ አይቀርም፣ ያን ቀን የተፈራረማችሁበትን ገጽ አውጡ። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት እዘዙ። የጉምሩኩ ሒደት ወራት ሊወስድ ስለሚችል አገር ውስጥ የሚሠራውን፣ መደርደሪያውን፣ መጋረጃውንና የጣሪያውን ጥገና በመሃል ጨርሱ።

በ90 ቀን ውስጥ ሁለት ገጽ ሪፖርት ለገዥዎች፣ ለሰዓሊዎችና ለካርድ ሰጪዎች ላኩ፦ የተሰበሰበው፣ የሰዓሊ ድርሻ፣ ወጪ፣ የተገዛው ከነደረሰኙ ቁጥር፣ ገና ያልተገዛው ከነምክንያቱ። የፊቱንና የኋላውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ሣጥን ለሰጠ ሰው የሣጥኑን ፎቶ ለብቻው ላኩለት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ከመመዝገቢያ መሣሪያው ያወጣችሁትን የእርጥበት መስመር በአንድ ገጽ አሳዩ፤ ለቀጣዩ ጨረታ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አታገኙም። ቀጣዩን ግን በየዓመቱ አታድርጉት። የሰዓሊዎቹም የገዥዎቹም ክበብ ጠባብ ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ ይበቃል፤ በመሃሉ ባለው ዓመት የመጋዘን ጉብኝቶችን ሽጡ።

ያልተሸጡ ሥራዎች በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ሰዓሊው ስቱዲዮ በእናንተ መኪናና በእናንተ ወጪ ይመለሱ፤ ሲገቡ የተሞላው ቅጽ ዳግመኛ ተነብቦ ይፈረም።